«ክኒኑን ጣሉት» ለሚለው ጽሑፍ፦ ስለ ሜትፎርሚንና ስለ ቫይታሚን ቢ12 የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ፣ በቤተሰብ የዋትስአፕ ቡድኖችም ሳይቀር፣ ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን፣ ለደምና ለነርቭ ጤንነት የሚያስፈልገውን የሰውነት ቫይታሚን ቢ12 እንደሚያሟጥጥ ያትትና አንባቢው መድኃኒቱን እንዲያቆም በመምከር ያበቃል። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሣታቸውን አልቃወምም፤ በመድኃኒት ቤት መስኮት ይህን ክኒን ሲያድል እንደኖረ ፋርማሲስት፣ ስለ ቢ12 ማንም ሳይነግረው ለዓመታት የሚውጥ ታካሚ ምን ያህል እንደሚበዛ አውቃለሁና። የምቃወመው ከትክክለኛ መነሻ ተነሥተው የደረሱበትን ምክር ነው። ምክሩን አምነው መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎች ስላሉም ዝም ማለት አልቻልሁም።

ጽሑፉ የሚለውን በተቻለኝ መጠን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሜትፎርሚን ቢ12ን ስለሚያጠፋ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ሁሉ ከእጥረቱ አያመልጥም ይላል። ሁለተኛ፣ የስኳር ሕሙማን እግራቸውን የሚያቃጥላቸውና የሚያደነዝዛቸው ስኳሩ ሳይሆን ክኒኑ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ባለሙያዎችና አምራቾች ይህን እያወቁ ደብቀዋል ይላል። አራተኛ፣ ታካሚው ክኒኑን ትቶ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው ቢጠቀም ስኳሩ እንደሚወርድለት፣ የጾም ምግባችንም የጎደለውን ቢ12 እንደሚተካለት ይናገራል። አምስተኛ፣ ማቆም ያልቻለ ሰው በየወሩ የቫይታሚን ቢ መርፌ መወጋት አለበት፤ ሜትፎርሚን እያለ በአፍ የሚዋጥ ቢ12 አይሠራምና ይላል።

የመጀመሪያው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። ቢ12ን የምናገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። በጨጓራ አሲድ ከምግቡ ይላቀቅና ጨጓራ ከሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ይጓዛል፤ እዚያም ካልሲየም በሚያስፈልገው ሂደት ወደ ሰውነት ይገባል። በስፋት ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ሜትፎርሚን የሚያውከው ይህንኑ የመጨረሻ እርከን ነው የሚል ሲሆን፣ በ2000 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናትም መድኃኒቱን ለሚወስዱ ሰዎች ተጨማሪ ካልሲየም ሲሰጣቸው የተዳከመው የቢ12 ቅበላ እንደተሻሻለ አሳይቷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ያለውን ክምችት አያቃጥልም፤ አዲስ የሚገባውን ነው የሚቀንሰው፣ ያውም በከፊል። ጉበት በዚህ ረገድ እንደ ጎተራ ነው፤ የሰውነታችን የቢ12 ክምችት ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ሲደርስ የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ግን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ጎተራው ሙሉ የነበረ ሰው ገቢው ቢቀንስበትም ለዓመታት ሳይቸገር ሊቆይ ይችላል።

«ማንም አያመልጥም» የሚለው አባባል ደግሞ ከተደረጉት ጥናቶች ጋር አይገጥምም። በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ከሰጡን ሥራዎች አንዱ በኔዘርላንድ የተካሄደውና በ2010 የታተመው ጥናት ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ 390 የዓይነት ሁለት ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሜትፎርሚን 850 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለው አምሳያ ክኒን ለ4.3 ዓመት ወሰዱ። የሜትፎርሚን ወሳጆቹ የቢ12 መጠን ከሌሎቹ አንጻር በ19 በመቶ ቀነሰ፤ በግልጽ እጥረት ውስጥ የመግባት ዕድላቸውም በ7.2 በመቶ ነጥብ ጨመረ። ይህም ማለት ከፍተኛ መጠን ከአራት ዓመት በላይ ከወሰዱ 14 ያህል ሰዎች ውስጥ በመድኃኒቱ ምክንያት እጥረት የሚደርስበት አንድ ሰው ነው። በአሜሪካ ለስኳር ሕመም በተጋለጡ ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ የመከላከያ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ እጥረት የተገኘባቸው ከሜትፎርሚን ወሳጆቹ 4.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2.3 በመቶ ነበሩ። አደጋው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን «ሁሉም» ከሚለው ቃል እጅግ ይርቃል።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። አደጋው ከመጠንና ከጊዜ ጋር ያድጋል፤ በ2006 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት በቀን የሚወሰደው ሜትፎርሚን በአንድ ግራም በጨመረ ቁጥር የእጥረቱ ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አመልክቷል። ስለዚህ 500 ሚሊግራም ከጀመረ ስድስት ወር የሆነው ሰውና ሁለት ግራም ለአሥር ዓመት የወሰደ ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። ከዚህም በላይ እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ወተትና ሥጋ ከማዕዳቸው በማይጠፋባቸው አገሮች ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክሎ የሚጾም ምእመን፣ ወይም በጾሙም በፍስኩም ሥጋ ብርቅ የሆነበት ሰው፣ ሲጀመርም ጎተራው ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በጽሑፉ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል አሲዱን በመቀነስ ቢ12 ከምግብ እንዳይላቀቅ ያደርጋል፤ በ2013 ከካሊፎርኒያ በወጣ ትልቅ ጥናት የዚህን ዓይነት መድኃኒት ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ እጥረቱ የመገኘት ዕድሉ በ65 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል። በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ጭምር የሚሸጠውን ኦሜፕራዞል ከሜትፎርሚን ጋር አጣምሮ የሚወስደው ታካሚ በጣም ብዙ ነው። በአንጻሩ ሌላው የስኳር ክኒን ግሊቤንክላማይድም ሆነ ኢንሱሊን ቢ12 ላይ ይህን ጉዳት አያደርሱም፤ ይህን የምለው ጽሑፉ «የስኳር መድኃኒት» እያለ በጅምላ ስለሚናገር ኢንሱሊኑን ጭምር የተጠራጠረ አንባቢ ስላጋጠመኝ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የእግር ማቃጠልና መደንዘዝ የክኒኑ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜትፎርሚን ወስዶ የማያውቅ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ባልታየ ነበር። ነገር ግን የስኳር ሕመም ነርቭን እንደሚጎዳ ሐኪሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ሜትፎርሚን ለሕክምና ከመዋሉ ብዙ አሥርት ዓመታት አስቀድመው፣ ጽፈውታል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸውና በኢንሱሊን ብቻ የሚታከሙ ሰዎችም እግራቸው ይደነዝዛል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 እንደነዚህ ያሉ ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ1993 የወጣው ታላቅ ጥናት፣ ስኳራቸውን በጥብቅ በተቆጣጠሩት ላይ የነርቭ ጉዳቱ በ60 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። እነዚህ ሰዎች በሜትፎርሚን የሚታከሙ አልነበሩም፤ ጉዳቱንም የቀነሰላቸው የስኳሩ መውረድ ነው። በዓይነት ሁለት ላይ የቁጥጥሩ ጥቅም ይህን ያህል የጎላ ባይሆንም፣ ስኳር ነርቭ አይጎዳም የሚል መደምደሚያ ግን ከየትም ሊገኝ አይችልም።

ይሁንና ከጽሑፉ ሁሉ ዋጋ የምሰጠው ሐሳብ ያለው እዚሁ ነጥብ ውስጥ ነው። የቢ12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፤ መልኩ ከስኳሩ ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰል «ያው ስኳሩ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያደርግ ሐኪም ወይም ነርስ ታካሚውን ዐይኑን አስጨፍኖ፣ ሲጫኑት የሚጎብጥ የናይለን ክር ከእግሩ መዳፍ ላይ እያሳረፈ «አሁን ተሰማዎት?» ይላል፤ ንዝረት የሚሰጠውንም ሹካ መሰል ብረት አውራ ጣቱ ላይ ያቆማል። ይህ ምርመራ ነርቩ መጎዳቱን ይነግረናል እንጂ ማን እንደጎዳው አይነግረንም። መራመድ ሲያዳግት፣ በጨለማ መንገዳገድ ሲመጣ፣ ምላስ ሲቆስል፣ የማስታወስ ችሎታ ሲደክም፣ ወይም መደንዘዙ ከእግር ይልቅ በእጅ ሲጀምር ቢ12ን መጠርጠር ተገቢ ነው። የደም ሴሎች መተለቅም ፍንጭ ይሰጣል፤ ሆኖም የሴሎቹ መጠን ልክ ነው ተብሎ እጥረት የለም አይባልም፤ የብረት እጥረት አብሮ ካለ ምልክቱን ሊሸፍነው ይችላልና።

ሁለቱ ጉዳቶች አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያየሁበትን አንድ ነገር ልጥቀስ። ለዓመታት ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ግራም የሚወስዱ አንዲት እናት ያንን ጽሑፍ ልጃቸው አንብቦላቸው ወደ መስኮቱ መጡ። «ልጄ፣ ክኒኑን ተውሁት፤ እግሬን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው አሉ። የነርቩን መርፌ ብቻ ስጠኝ» አሉኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ ስኳርዎን እንየው» ብዬ ጣታቸውን ወግቼ ስለካው ከ300 በላይ ነበር። ጫማቸውን እንዲያወልቁ ለምኛቸው ሳይ ከትንሿ ጣታቸው ሥር ጫማ የላጠው፣ ያልተሰማቸው ቁስል አገኘሁ። ጿሚ ናቸው፤ ኦሜፕራዞልም ከቦርሳቸው ወጣ። መርፌውን ከመሸጥ ይልቅ ለሐኪማቸው የሚሰጡት ማስታወሻ ጽፌላቸው ወደ ክትትላቸው መለስኋቸው። በምርመራው ቢ12ም ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ስኳሩም በአደገኛ ደረጃ ከፍ እንዳለ ነበር። ሐኪማቸው ሜትፎርሚኑን አስቀጥለው ቢ12ን ጨመሩላቸው፤ ቁስሉም ሳይመረቅዝ ታከመ። ጽሑፉ በእኚህ እናት ላይ ስለ ቢ12 ልክ ነበር፤ ምክሩ ግን እግራቸውን ሊያሳጣቸው ነበር።

ሦስተኛውን፣ ተደበቀ የሚለውን፣ በአጭሩ ልመልስ። ሜትፎርሚን በፈረንሳይ ለሕክምና የዋለው በ1957 ሲሆን፣ የቢ12ን ቅበላ እንደሚቀንስ በሕክምና መጽሔት የተዘገበው በ1969 ነው። በ1971 ደግሞ 71 ታካሚዎችን የመረመረ ጥናት 30 በመቶው ላይ የቅበላ መዛባት እንዳገኘ ጽፏል። በአሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለው መድኃኒት ጋር የሚሰጠው የአምራቹ መግለጫ በ29 ሳምንት ሙከራ ወደ 7 በመቶ በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ ቢ12 ከልኩ በታች እንደወረደ በግልጽ ይናገራል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካልም በሰኔ 2022 ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ከ10 ሰዎች እስከ አንዱ ሊደርስ የሚችል የተለመደ ጉዳት መሆኑን ለሕዝብ አስታውቆ ተጋላጭ ሰዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ መክሯል፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም በየዓመቱ በሚያወጣው የሕክምና መመሪያ ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል። ታትሞ ለማንም የተሰጠ ነገር ተደበቀ አይባልም። ጸሐፊው «ለታካሚው አልተነገረውም» ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ከጎናቸው እቆም ነበር። ወረፋ በተጨናነቀበት ክትትል ክፍል ስኳሩ ተለክቶ፣ ማዘዣው ታድሶ፣ ስለ ቢ12 አንዲት ቃል ሳትነሣ ታካሚው ይሸኛል፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ምርመራው ስለማይገኝ ሰው ከኪሱ ከፍሎ የግል ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይህ ጉድለት የእኛን የመድኃኒት ባለሙያዎችንም ይመለከታል፤ ክኒኑን የምናስረክበው እኛ ነንና።

አራተኛው ነጥብ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አብሽ በመጠኑ ስኳር እንደሚቀንስ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ ይህን አልክድም፤ ሐኪሙን አሳውቆ ከምግቡ ጋር ለሚጠቀም ሰውም አልከለክልም። ነገር ግን አብሽም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ ሽፈራውም ቢ12 የላቸውም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ጤፍ ለሌላ ብዙ ነገር የሚመሰገኑ ምግቦች ናቸው፤ ጎመንና ምስር ፎሌት የተባለውን፣ ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ ሌላ የቢ ቫይታሚን በመስጠት የታወቁ ናቸው፤ ቢ12ን ግን ዕፅዋት አይሠሩትም። የእንጀራ እርሾም ቢሆን በቂ ቢ12 ይሰጣል ብሎ የሚታመንበት ምንጭ አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ፎሌት በብዛት የሚያገኝ ሰው የደም ማነሱ ሲሻሻልለት የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ የቢ12 እጥረት ሳይጣራ ፎሊክ አሲድ (በክኒን መልክ የሚሰጠውን ፎሌት) ብቻ መውሰድ አይመከርም። ጿሚ ታካሚ ጾሙን እንዲተው የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ቢ12 በክኒን መልክ መውሰድ ይችላልና።

ክኒኑን በመተው የሚታጣው ምን እንደሆነ ጽሑፉ አንድም ቦታ አያነሣም። በእንግሊዝ የተካሄደውና በ1998 የታተመው ሰፊ ጥናት፣ ክብደታቸው ከፍ ያለና ሕመሙ አዲስ የተገኘባቸውን ሰዎች ከ10 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ በሜትፎርሚን የታከሙት በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ በድንገተኛ የልብ ጥቃት የመያዝ ዕድላቸው በ39 በመቶ፣ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸውም በ36 በመቶ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። በሜትፎርሚን የታከሙት 342 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን ሊከራከሩበት የሚሹ አሉ፤ ጥናቱ ካበቃ በኋላ ለ10 ዓመት በተደረገው ክትትል ግን ጥቅሙ ሳይጠፋ ቆይቷል። በአንድ ወገን በደም ምርመራ የሚታወቅና በርካሽ ቫይታሚን የሚተካ እጥረት አለ፤ በሌላ ወገን የልብ፣ የኩላሊት፣ የዐይንና የእግር ጉዳት አለ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ለማስወገድ ሁለተኛውን እንድንቀበል ነው የሚጠይቁን። ስኳር ደግሞ ከፍ ሲል ወዲያው አይጮኽም፤ ክኒኑን ያቆመ ሰው ለሳምንታት «ደኅና ነኝ፣ እንዲያውም ቀለለኝ» ሊል ይችላል።

አምስተኛው ነጥብ በስሌት የሚፈታ ነው። ቢ12 ወደ ሰውነት የሚገባው በዚያ በታወከው መንገድ ብቻ አይደለም፤ በከፍተኛ መጠን ሲዋጥ አንድ በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ረዳት በአንጀት ግድግዳ በቀጥታ ያልፋል። 1000 ማይክሮግራም የዋጠ ሰው በዚህ መንገድ ብቻ 10 ማይክሮግራም ያህል ያገኛል፤ ይህም ከቀን ፍላጎቱ አራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ለብዙ ሰው ክኒኑ ይበቃል። መርፌ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እጥረቱ ብርቱ ሲሆንና ነርቭ መጎዳቱ ሲታይ ሐኪሞች አስቀድመው መርፌውን ይመርጣሉ፤ ሳይዘገይ መጀመሩም ወሳኝ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ የነርቭ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና። እጥረት የሌለበትን ሰው ሁሉ በየወሩ መውጋት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር «የነርቭ መርፌ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉበት ነው፤ ቢ6 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱም ያው መደንዘዝ ነው። የእግሩን መደንዘዝ ሊያስታግስ መርፌውንና ክኒኑን ያለ ክትትል የሚደራርብ ሰው የሸሸው ጉዳት በሌላ በር ሊመጣበት ይችላል።

እንግዲህ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ምን ያድርግ? ከፍተኛ መጠን ለበርካታ ዓመታት የወሰደ፣ በዕድሜ የገፋ፣ የሚጾም ወይም የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገብ፣ ኦሜፕራዞል የሚያዘወትር፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የደም ማነስ ያለበት፣ እንዲሁም እግሩ የሚደነዝዝ ወይም የሚያቃጥለው ሰው በቀጣዩ ክትትሉ ላይ «የቢ12 ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ውጤቱ በሚሊሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ እንደ እጥረት ይቆጠራል፤ በ200 እና በ300 መካከል ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ሐኪሙ ከምልክቶቹ ጋር ያገናዝበዋል። ምርመራው በማይገኝበት ቦታም ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ሐኪሙ ቢ12 ሰጥቶ ለውጡን መከታተል ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ሜትፎርሚኑን ማቆም አያስፈልግም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፋቸው ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ስለሆነ፣ በራሳቸው ገጽ ላይ ባለው ቅጂ መጀመሪያ ላይ፣ መድኃኒቱን ያቆመ አንባቢ በዚህ ሳምንት ስኳሩን እንዲለካና ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ የሚነግር ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ መከራከሩን ከዚያ በኋላ መቀጠል እንችላለን።